ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ለምን እንጠብቃለን?

ለአፍላ ወጣቶች በትምህርት ቤት ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናና ስለ ወሲብ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሣል፣ ተመልሶም ይዳፈናል። በ2006 ዓ.ም. የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ሀገራት የጤናና የትምህርት ሚኒስትሮች ኬፕ ታውን ላይ ተሰብስበው ለወጣቶች የተሟላ የወሲብ ትምህርትና የጤና አገልግሎት ለማዳረስ ቃል ሲገቡ ኢትዮጵያም ከቃል ገቢዎቹ አንዷ ነበረች። ብዙ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ትምህርቱ ከውጭ የመጣ እንደሆነ፣ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው እንደሚያነቃ፣ ከእምነታችንና ከባህላችን ጋር የሚጋጭ ይዘትም ይዞ እንደሚገባ እየገለጹ ተቃውመዋል። ይህን ስጋት አላቃልለውም፤ ለሌላ ሀገር ልጅ የተጻፈ፣ በዕድሜ ያልተመጠነ መጽሐፍ እኔ ሳላውቅ ተተርጉሞ ልጄ ቦርሳ ውስጥ ቢገባ እኔም ዝም አልልም። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ክርክሩን ስሰማ ዘወትር የሚያሳስበኝ፣ በሁለቱም ወገን ያሉት ተከራካሪዎች በልባቸው የሣሉት ተማሪ እኔ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጠው ተማሪ ጋር አለመመሳሰሉ ነው።

በክርክሩ ውስጥ የምናገኘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ከአባቱ ጋር ከተማ የሚኖር፣ ስልክ በእጁ የያዘ፣ አደጋውም ከስልኩ ወይም ከእኩዮቹ የሚመጣበት ነው። እኔ ከማስተምራቸው መካከል ግን ብዙዎቹ በቀበሌያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ወደ ወረዳው ከተማ መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው የተከራዩ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱ ልጆች ናቸው። በ15 ዓመታቸው ራሳቸው አብስለው ይበላሉ፤ የት አመሻችሁ ብሎ የሚቆጣቸው ሰው አጠገባቸው የለም። ይህን ጉዳይ ማስተማር የወላጅ ድርሻ ነው የሚለው አባባል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ልጅቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ የወላጇን ፊት አታይም። የምታየው አከራይዋን፣ ሳሙናና ዘይት በዱቤ የሚሰጣትን ባለሱቅ፣ ሲዘንብ ያለ ክፍያ የሚያደርሳትን የባጃጅ ሹፌር ነው። ከእነዚህ መካከል ክፉ ሐሳብ ያለው አንድ ሰው ቢኖር፣ ውለታው ሲበዛ ምን ሊጠይቃት እንደሚችል፣ እንዴት እምቢ እንደምትል፣ እምቢታዋ ካልተከበረ ደግሞ ለማን እንደምትናገር አስቀድሞ የነገራት ማን ነው?

እኔ ዘንድ ሳይደርሱ የቀሩት ሴት ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያው የግብረ ሥጋ ግንኙነት መካከለኛ ዕድሜ (ግማሾቹ እስከዚያ የጀመሩበት ዕድሜ) 16.6፣ የመጀመሪያው ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ደግሞ 17.1 ዓመት ነበር። የሁለቱን ቁጥሮች መቀራረብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ለብዙዎቹ ሴቶች ይህ ሕይወት የጀመረው በጋብቻ ዙሪያ ነው ማለት ነው። በወንዶች በኩል የመጀመሪያው ግንኙነት መካከለኛ ዕድሜ ከ21 ዓመት በላይ ስለነበር፣ በርካታ ልጃገረዶች ወደዚህ ሕይወት የገቡት ከእነሱ በዕድሜ ከበሰለ ሰው ጋር መሆኑን መገመት አይከብድም። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶው ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ተገኝተዋል፤ አዲስ አበባ 3 በመቶ የነበረው ቁጥር አፋር ላይ 23 በመቶ ደርሷል። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎ ከደነገገ ከ10 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተገኘ ቁጥር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ልጆቹን ያነቃቸዋል ብለው የሚሰጉ ሰዎች፣ ሳይነቁ የተዳሩትን ልጆችም በዚያው ስጋት ውስጥ ቢያስገቧቸው ብዬ እመኛለሁ።

ትምህርቱ በእርግጥ የለም ማለት አይቻልም። በዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰው መራቢያ አካላት፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና መከላከያና ስለ አባላዘር በሽታዎች የሚናገር ምዕራፍ አለ። ችግሩ ምዕራፉ የሚደርስበት ዕድሜና የሚሰጥበት መንገድ ነው። በሰባት ዓመቱ ትምህርት የጀመረና አንድም ክፍል ያልደገመ ልጅ እዚህ ክፍል የሚደርሰው በ15 ዓመቱ ሲሆን፣ ከሴት ልጆቹ አብዛኞቹ ያን ጊዜ የወር አበባ ማየት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ከገጠሩ ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ትምህርት አቋርጠዋል። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥም ተማሪው የእንቁላልንና የዘርን ጉዞ ለፈተና ሸምድዶ፣ ያ ሁሉ ስለ ገዛ ሰውነቱ የሚናገር መሆኑን ሳያስተውለው ያልፋል። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እስከ ዝርዝር ስሞቹ ድረስ በትክክል የሣለች ተማሪ ከክፍል በኋላ ለብቻዋ መጥታ፣ የወር አበባዋ ገና መደበኛ ስላልሆነ ማርገዝ እንደማትችል የነገሯት እውነት እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ዕውቀቱና ሕይወቷ ምን ያህል እንደተለያዩ ታየኝ። እውነት እንዳልሆነ ነገርኳት፤ ግን ይህን ለመጠየቅ ያልደፈሩት ስንት ናቸው? መምህራኑም ቢሆኑ ብዙዎቹ ያፍራሉ። ምዕራፉ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ሲሆን፣ ለዚህ መምህሩን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ እንዴት እንደሚያስተምረው ያሳየው ሰው የለምና።

ትምህርቱ ልጆችን ወደ ወሲብ ይገፋል የሚለውን በተመለከተ፣ ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ የተጠናቀሩት የብዙ ሀገራት ጥናቶች እንዲህ ያለ ውጤት አላገኙም። የውጭ ድርጅት ቃል አያሳምነኝም ለሚል አንባቢ ግን ምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳን አስታውሰዋለሁ። በሞሰቦ ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር፤ ልጃገረዶች በቡድን ተሰብስበው ፊደልና የሥነ ተዋልዶ ጤና ይማራሉ፣ ለተማሪዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፣ ማኅበረሰቡም ስለ ልጅነት ጋብቻ ይወያያል፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ የሚረባ እንስሳ ይሰጣቸዋል። የገንዘቡ ምንጭ ከውጭ ቢሆንም ሥራውን የሠራው የአካባቢው ሰው ነበር። ውጤቱ ሲታይ በተለይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ከሌለበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ የመዳር ዕድላቸው እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል።

የሃይማኖት ተቋማትም ስለዚህ ጉዳይ መናገር አይችሉም የሚለውን አልቀበልም። በኤች.አይ.ቪ. አስከፊ ዓመታት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናትን አሠልጥና አሰማርታለች፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ጋብቻ ከመፈጸማቸው በፊት የደም ምርመራ ውጤት መጠየቅ ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት በግልጽ መናገራቸው እምነታቸውን አላጎደለባቸውም።

እኔ የምጠይቀው ትምህርቱ ከአምስተኛ ክፍል፣ በ11 ዓመት ግድም፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲጀመር ነው። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ሰውነት እንዴት እንደሚለወጥና የወር አበባ በሽታ እንዳልሆነ፣ ማንም ሰው፣ ዘመድም ሆነ መምህር፣ የልጁን ገላ ያለ አግባብ መንካት እንደማይችልና ቢነካ ለማን እንደሚነገር፣ 18 ዓመት ያልሞላውን መዳር በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን። ወንዶቹም አብረው ይማሩት፤ ቀሚሷ ደም በነካ ልጅ ላይ የሚስቁት ያልተነገራቸው ወንዶች ናቸውና። የእርግዝና መከላከያና የአባላዘር በሽታዎች ጉዳይ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ይከተል። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለወላጅ መምህር ኅብረቶች ይነበብ፤ ካህኑም ሼኩም የማይስማሙበትን ገጽ ያመልክቱ፣ ክርክሩም በዚያ ገጽ ላይ ይደረግ። የመምህራን ኮሌጆች ይህን ትምህርት የማስተማሪያ ዘዴ ራሱን በቻለ ኮርስ ይስጡ፤ በየትምህርት ቤቱም ቢያንስ አንዲት የሠለጠነች ሴት መምህር ከክፍል ውጭ ልጃገረዶቹን የምታነጋግርበት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍልና የታወቀ ሰዓት ይኑራት።