ያለ ጂፒኤስ ፎቅና ሱቅ መለየት ደሴ ላይ፦ እንዴት እንደሠራሁት
ደሴ ላይ «ምድር ቤት ነኝ» ብሎ መናገር ብዙ አይረዳም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስላለች፣ በላይኛው መንገድ ቀጥ ብላችሁ የምትገቡበት ወለል በታችኛው በር ለመጣ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ሊሆን ይችላል። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የገበያ ሕንፃ፣ ሰው የትኛው ፎቅና የትኛው ሱቅ ጋ እንዳለ የሚነግር መተግበሪያ የሠራሁት ለዚህ ነው።

ጂፒኤስን ወዲያው ተውኩት። ቢያንስ የ4 ሳተላይት ምልክት ይፈልጋል፤ ኮንክሪት ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ወይ ይጠፋል ወይ ከግድግዳ እየነጠረ ይመጣል።

ቀጥሎ ዋይፋይ። ፓስዎርድ አያስፈልግም፣ ስልኩ የየራውተሩን (ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን) ምልክት ጉልበት ብቻ ያነባል። አጠገቡ ከሆናችሁ -40 ዲቢኤም (የምልክት ጉልበት መለኪያ) ገደማ፣ ስትርቁ ወደ -85 ይወርዳል። በየኮሪደሩ እየዞርኩ መዘገብኩ፤ መተግበሪያው አዲሱን ንባብ ከመዝገቡ ጋር እያነጻጸረ በጣም የሚመሳሰለውን ቦታ ይመርጣል። የሕንፃው ጥበቃ «ምን ጠፍቶህ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ዝግ የነበሩትን ክፍሎች ሁሉ ከፈቱልኝ፣ እድሜ ይስጣቸው! ስትመዘግቡ ፊታችሁን ወደ ሁሉም አቅጣጫ አዙሩ፤ ሰውነታችን ውሃ ስለሚበዛው የ2.4 ጊጋኸርዝ ምልክት ይውጣል። ሰኞ ገበያው ጢም ሲል ቁጥሩ ከእሑዱ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ የሁለቱንም ቀን ያዙ።

ከአንድሮይድ 9 ወዲህ አንድ መተግበሪያ በ2 ደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ ዋይፋይ መቃኘት አይፈቀድለትም። በመሃል ያለውን ክፍተት እርምጃ በሚቆጥረው አክስለሮሜትርና መታጠፍን በሚያውቀው ጋይሮስኮፕ ሞላሁት። ጋይሮስኮፑ ቀስ በቀስ ይስታል፣ ዋይፋዩ እየመለሰ ያስተካክለዋል። ኮምፓሱን አላመንኩትም፤ የሕንፃው ብረት ያሳስተዋል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የአየር ግፊት የሚለካውን ባሮሜትር ነው። ባሕር ጠለል ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ለውጥ 8 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግን ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። አንድ ፎቅ ሩብ ሄክቶፓስካል ያህል ቢሆን ነው፤ ስልኩ ይህን ይለያል። የአየር ግፊት ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱ፣ ከበሩ ያለውን ልዩነት ብቻ ውሰዱ። የትኛው በር? እሱን ዋይፋዩ ይናገራል። በላይኛው በር የገባ ከሦስት ይጀምራል፣ በታችኛው የገባ ከዜሮ።

ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ባሮሜትር የላቸውም። ለእነሱ ፎቁን የሚለየው ዋይፋይ ብቻ ነው፤ የወለሉ ኮንክሪት ምልክቱን ስለሚያዳክመው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል፣ ደረጃው አካባቢ ግን ምልክቱ በክፍተቱ ስለሚያልፍ ፎቆቹ ይደባለቁበታል። አሁን እየሠራሁ ያለሁት እሱን ነው።