ካ’ዛር ወይስ ካዛር? የባዕድ ስም ላይ የምትንጠለጠለው ጭረት

ከሌላ ፕላኔት ለመጣ ገጸ ባሕርይ ስም ማውጣት ሲያስቸግር ቀላሉ ዘዴ ሁለት ክፍለ ቃል ገጥሞ መሀላቸው አፖስትሮፊ መሰንቀር ነው፦ ካ’ዛር፣ ዝ’ራክ፣ ት’ሉን። የእንግሊዝኛ አንባቢ ጭረቷን «ባዕድ ነው» ብሎ ያልፋታል። የአማርኛ አንባቢ ግን ያውቃታል፤ «ነው’ኮ» ላይ፣ ግጥም ውስጥም «ስለ’ኔ» ላይ አይቷታል። ለእሱ ትርጉሟ «እዚህ ጋ እ ተውጣለች» ነው። ካ’ዛርን «ካእዛር» ሊለው ይዳዳዋል፤ አለዚያም የትየባ ስህተት ይመስለዋል።

በላቲን ፊደል ጭረቷ እንደ ቦታው ሥራዋ ይለያያል። የቻይናዋ ሺአን ስም ውስጥ «ሺ» እና «አን» ተጣብቀው እንዳይነበቡ ትከፍላለች። የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት የቦታ ስም አጻጻፍ ደግሞ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ የሚለየው በእሷ ነው፤ ጣና «ቲ» ላይ፣ ሐይቅ «ኬ» ላይ ጭረት ይዘው ይጻፋሉ። (ሐይቃችን እንዲህ ተጽፎ ሲታይ የማርስ ንጉሥ ይመስላል።)

እናም በፊደል ከመጻፋችሁ በፊት ጭረቷ ምን ድምፅ እንደሆነች ወስኑ። ክፍለ ቃል ከፋይ ከሆነች አውጧት፤ አ ራሱ ይከፍላል። እንደ ጥ የምትፈነዳ ከሆነችም ፊደሉ በእጃችን ነው። የቋንቋ ባለሙያው ፖል ፍሮመር እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው «አቫታር» ፊልም የባዕዳኑን የናእቪን ቋንቋ ሲፈጥር ጭረቷን ለጉሮሮ ድምፅ ብቻ ትቶ፣ የሚፈነዱትን ፒ፣ ቲና ኬ ላይ ኤክስ በመጨመር ጻፋቸው። እነዚህ ጵ፣ ጥ፣ ቅ ናቸው። የናእቪ «እሳት» ጤፕ፣ «ሌሊት» ጦን ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚለማመደውን ድምፅ እኛ ከአፋችን አናጣውም።

የሚያስቸግረው የጉሮሮ ድምፅ ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጣ ነው። ማርክ ኦክራንድ ለ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች ባዕዳን በፈጠረው ክሊንጎንኛ (መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጥቷል) ጭረቷ ራሷን የቻለች ፊደል ናት። «ስኬት» ማለት ቃፕላ’ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ድንገት ይዘጋል። «ቃፕላእ» ብትሉት አንባቢው እ ላይ ድምፅ ይጎትታል። ሳድስ አናባቢ ይኑረው አይኑረው አጻጻፋችን አያሳይምና። እኔ ብሆን «ቃፕላ» ብዬ አነባበቡን ስሙ መጀመሪያ ሲጠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ።

ጭራሽ የሚረሳው ቅጥያ ነው። ስሙን ከ«የ»፣ ከ«ለ»፣ ከ«ን» እና ከ«’ኮ» ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በአ ወይም በእ የሚጀምር ስም እዚህ ይፈርሳል፦ «ለ» እና «አዛር» ላዛር ይሆናሉ፣ «የ» እና «እልራን» የልራን ይሆናሉ። ገጸ ባሕርዩ አዛር ይባል ላዛር ማን ያውቃል? «ካ’ዛር’ኮ» ላይ ደግሞ ሁለት ጭረት ተደርድሮ የትኛዋ የስሙ እንደሆነች አትለይም።

መጥበቅና መላላትንም ጭረት አትፈታም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው» የምንለው? አንባቢ የሚያውቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ለፈጠራ ስም ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። ከፊደሉ አናት የሚቀመጥ የሁለት ነጥብ ምልክት ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ፎንት ላይ ግን ቦታውን ይስታል።

ጭረቷን የግድ ካላችሁ ቀጥ ያለችው (') እና ጎባጣዋ (’) ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች መሆናቸውን አትርሱ። ስልኩ አንዷን፣ ኮምፒዩተሩ ሌላዋን ሲያስገባ ብዙ ፕሮግራም ላይ «ፈልግና ተካ» የስሙን ግማሽ ያህል ሳያገኝ ያልፋል። ረቂቁ እስኪያልቅ «ካዛር» ብላችሁ ጻፉት፤ ጭረቷን በመጨረሻ በአንድ ጊዜ አስገቧት።