አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ክፍል

ዛሬ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አደረግኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ከበዓል በኋላ» ስለው የኖርኩት ነገር አስር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ ነበር። የወር አበባዬ ላይ ስለነበርኩ «ሲጠራ ነይ» ብለው መለሱኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ ነው የተመለስኩት።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሳያመኝ ምን አስኬደኝ? ሲስተሯ «ካመመሽማ ዘግይተሻል» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ?

የፈራሁት ህመሙን ነበር። የከበደኝ ግን እግር ከፍቶ መተኛቱ ነው። ሰፊ ቀሚስ መልበሴ በጀኝ። ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ጣሪያውን አየሁ። ውሃ ያፈሰሰበት ቦታ ቡናማ ክብ ሠርቷል፤ ቁርጥ ድፎ ዳቦ። ዳክዬ አፍ የመሰለችው መክፈቻ ስትገባ ቀዘቀዘችኝ፣ ወጠረችኝ፤ አላመመኝም። «ትንፋሽሽን ልቀቂው እንጂ!» አለችኝ። ለካ ይዤዋለሁ።

ከዚያ ሽታው መጣ። አቼቶ! ያው ሰላጣ ላይ የምናደርገው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የቀጠነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፣ በመብራት ታያለች። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ይሆናል።

ያቺ ደቂቃ አላልቅ አለች። «ነጭ ቢሆንስ?» አልኳት። ነጭ ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ትንሽ ከሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እንደሚታከም፣ ካጠራጠራቸው ወደ ሆስፒታል እንደሚልኩ ነገረችኝ። እያወራች አየችው። «ምንም የለም፣ ተነሺ።»

የእህቴ ልጅ በ14 ዓመቷ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ወስዳለች። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ነው የጀመረችው፤ ለእኛ አልደረሰም። እናቷ ግን አርባን አልፋ አንድም ቀን አልታየችም።

ማታ ደወልኩላት።

«ያማል?»

«አቼቶ አቼቶ ይሸታል።»

ሳቀች። ማክሰኞ አብረን እንሂድ አልኳት። እሺ ካለችኝ በኋላ ትዝ አለኝና የወር አበባዋ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ማክሰኞ» አለችኝ፣ ደስ እያላት።