ሁለት ደንቦች አንድ የሚሆኑት መቼ ነው?

ዛሬ ማንንም ማነጋገር አላሰኘኝም። ሥራ ሐሳብ ያስረሳል ብዬ ለእህቴ ሱቅ ሃስኬል በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጀመርኩትን ፕሮግራም ከፈትኩ። የዕቃው መዝገብ ስም፣ ዋጋ እና የቅናሽ ደንብ የሚባሉ ሦስት መስኮች አሉት። ደንቡ ዋጋ ተቀብሎ ዋጋ የሚመልስ ፈንክሽን ነው። ከግርጌው «ዴራይቪንግ ኢኪው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ዕቃዎች እኩል መሆናቸውን የሚያጣራውን ኮድ ኮምፓይለሩ (የጻፍኩትን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ራሱ እንዲያዘጋጅልኝ ነው። እምቢ አለ። ለሦስተኛው መስክ ዓይነት የኢኪው ኢንስታንስ፣ ማለትም እኩልነትን የሚያጣራ ኮድ፣ የለም ይላል፤ አስከትሎም የዴራይቪንጉ መስመር ለብቻው ወጥቶ ቅድመ ሁኔታው በእጅ እንዲጻፍ ይመክራል። ምክሩ እዚህ ላይ አይጠቅምም። የጎደለው ኢንስታንስ እንደጎደለ ይቀራል፤ ስህተቱ ዕቃዎቹ እስከሚነጻጸሩበት መስመር ተገፍቶ እዚያ ብቅ ይላል።

እምቢታው ግን ተገቢ ነው። ስም ከስም ፊደል በፊደል ይነጻጸራል። ሁለት ፈንክሽኖችን እኩል ናቸው ለማለት ግን ለማንኛውም ግብዓት አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው መረጋገጥ አለበት። ግብዓቱ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ቢሆን ሁለቴ ሞክሮ መጨረስ ይቻላል። ባለ 64 ቢት ቁጥር ሲሆን ሙከራው ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን ያልፋል፤ የእኔ ዋጋ ደግሞ ክፍልፋይ ስለሆነ ማለቂያ የለውም። ኮዱን አንብቦ ይፍረድ እንዳይባልም፣ ለሁሉም ፈንክሽን የሚሠራ እንዲህ ያለ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ከሒሳብ ሊቃውንቱ ከቱሪንግ የ1936 እና ከራይስ የ1953 እ.ኤ.አ. ሥራዎች ወዲህ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ፈንክሽኑን አውጥቼ በምትኩ ተራ ዳታ አስገባሁ፦ «ከመቶ ይህን ያህል ቀንስ»፣ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን»። ዴራይቪንጉ ያለ አንዳች ቅሬታ አለፈ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። 10 ከመቶ ቀንሶ ከቀሪው 20 ከመቶ የሚቀንስ ደንብ፣ በአንድ ጊዜ 28 ከመቶ ከሚቀንሰው በምን ይለያል? 100 ብር በሁለቱም 72 ብር ይሆናል። ኮምፓይለሩ ያዘጋጀው ኢንስታንስ ግን አጻጻፋቸውን እንጂ ሥራቸውን ስለማያይ «ይለያያሉ» ብሎ ይፈርዳል።

ገዢውን ብንጠይቀው አንድ ናቸው፤ ከኪሱ የሚወጣው ያው ነው። እህቴ ግን አሥሩ ለበዓል፣ ሃያው ለቆየ ደንበኛ መሆኑን ታውቃለች፤ በዓሉ ሲያልፍ አሥሩን ታነሳለች። ለእርሷ አንድ አይደሉም። ታዲያ ኢንስታንሱን በእጄ ልጻፈው ብል፣ በማን ዓይን ነው የምጽፈው?