የማን ሰማንያ ሦስት?

አንድ መጽሔት ላይ አራሚ ሆኜ ስሠራ ነው። ስለ ድሮው ባሕር ኃይላችን አንድ ጽሑፍ መጣ። ፎቶው ላይ ያለችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ናት። ገጹ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ትንሽ ሲቀረው ከፎቶው ሥር የሚገባ ሁለት መስመር ጎደለና ጻፍ ተባልኩ።

የጸሐፊው ማስታወሻ ላይ «1983 ወደ የመን ሸሸች» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «እ.ኤ.አ. 1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች»። እ.ኤ.አ. የምትለዋን ለሁለቱም ሰጠሁና ቀነስኩ። አሥር። «እ.ኤ.አ. በ1983 ሸሽታ፣ የመን አሥር ዓመት ስትዝግ ቆይታ ተሸጠች» ብዬ ጻፍኩ። «ስትዝግ» የምትለዋን እንዲያውም ወድጃት ነበር።

መጽሔቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ቢሮ መጡ። ኮፍያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው መጽሔቱን ገለጡ። እ.ኤ.አ. የምትለዋ በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ሰማንያ ሦስት ነው? በፈረንጅ 83 እኮ ምጽዋ ነበርን። እኔ ሞተር ክፍል ነበርኩ።»

ላብ አጠመቀኝ። መልሱ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ መውደቋ፣ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ የተረፉት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን መግባታቸው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የዚያን አንቀጽ ነጠላ ሰረዞች ያረምኩት እኔው ነኝ!

ይቅርታ ጠይቄ ቡና አስመጣሁላቸው። ከዚያ ወሬው ሌላ ሆነ።

«አሜሪካኖች ኦርካ ብለው ነው የሠሯት። በ1944 ሥራ ጀመረች። ፊሊፒንስ ላይ፣ ከጃፓን ጋር በነበረው ጦርነት፣ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ ታድል ነበር። ለእኛ የሰጡን በ1962 ነው።» ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው። ጻፈው!»

ጻፍኩት።

«እነሱ ከትንሾቹ ነው የመደቧት። 95 ሜትር! እኛ ጋ እኮ ከሷ የሚበልጥ አልነበረም። የአፄው ሰንደቅ ዓላማ መርከብ፣ የዕጩ መኮንኖቹ መማሪያ፣ ሁሉም እሷው ነበረች።»

ስኳሩን እያማሰሉ ዝም አሉ። እኔ የእርማቱን ረቂቅ ጀመርኩ።

«93ቱ ግን ልክ ነው አይደል?» አሉኝ። «የኛ 93።»

«አይ ጋሼ፣ እሱማ የፈረንጅ ነው።»

«በኛ ስንት ይሆናል?»

«85። ቢበዛ 86።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለት ላይ ቆሙ። ቡናውን ሳይጨርሱት ኮፍያቸውን አነሱ።

«አሥሩ ይሻል ነበር» አሉኝ።