ሁለት ዕድሜ ያላት ልጅ

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ልጄ 6 ወር ሞላት። ጎረቤቴ ለቡና ገብታ ገና ሳትቀመጥ፣ «እስካሁን ቁጭ አላለችም እንዴ? የኔዋ እኮ በዚህ ጊዜ ያለ ድጋፍ ትቀመጥ ነበር» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ግን ሆዴ ባባ።

የኔዋ የተወለደችው በ30ኛው ሳምንት ነው። ቀኗ ሊደርስ 10 ሳምንት ይቀረው ነበር። ያ ከዕድሜዋ ላይ ሲቀነስ ገና አራት ወር አልሞላትም። እስከ 2 ዓመቷ እንዲህ ነው የሚታሰብላት። ከሆስፒታል ስንወጣ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ስንት ሌሊት ካለቀስኩ በኋላ ነው ያስረዳችኝ ፊዚዮቴራፒስት ያገኘሁት።

መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ማኅፀን ይጠብባል። ሽሉ እጅ እግሩን ሰብስቦ፣ እየገፋና እየተራገጠ ጡንቻው የሚጠነክረው ያኔ ነው። የኔዋ ያ አመለጣት። እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን የሚዘረጉት ለዚህ ነው።

ችግሩ የኛ አገር ውርጭ! እማዬ ከመንዝ ባና ይዛ መጥታ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር ትጠቀልላታለች። እውነቷን ነው፤ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ሙቀቱ ቶሎ ያልቃል። እኔም ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው ያከረምኳት። «ዘዴውን ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት» ስላት፣ «ዶሮ ታዲያ መቼ ኮሎምቢያ ሄዳ ተማረች?» ብላ ሳቀችብኝ። ግን የልጅቷ እጅ እግር ከታሰረ በምኗ ትግፋ?

ተደራድረን ተስማማን። ረፋድ ላይ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ባናው ጠበቅ ተደርጎ ይነጠፍና ልጅቷ ትፈታለች። በሆዷ የምትሆነው ነቅታ ሳለች፣ እኛም አጠገቧ ሆነን ነው። እንቅልፍ ሲሆን በጀርባዋ። ነጠላ ጠቅልዬ ከደረቷ ሥር አደርግላትና ክርኖቿን ወደ ፊት አመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደቂቃ ሳይሞላ አፍንጫዋን ደፍታ ታለቅስ ነበር። አነሳታለሁ፣ ቆይቼ እመልሳታለሁ።

ጎረቤቴ ስትወጣ ልጄን በሆዷ አስተኛኋት። የነጠላው ቀይ ጥለት ዓይኗ ገባ። አንገቷ ተንቀጠቀጠ፣ ቀና አለች። ለሃጯ እንደ ክር ወርዶ ጥለቱን አራሰው። እማዬ በሹክሹክታ መቁጠር ጀመረች። 19 ላይ ልጅቷ ግንባሯን ደፋች።

«ባናውን ትንሽ ወዲህ ሳቢው» አለችኝ እማዬ፤ «ፀሐይዋ ሸሽታለች።»