የግድግዳው ቡና መፍጫ፦ በአዳማና በወንጂ የዋልኩበት የድሮ ዕቃ ፍለጋ

የድሮ የቤት ዕቃ መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። በመጀመሪያው ዓመት ያጠራቀምኳቸውን ዕቃዎች ዛሬ መደርደሪያ ላይ ሳያቸው፣ ግማሾቹን የገዛኋቸው ዕቃውን አይቼ ሳይሆን ሻጩ የነገረኝን ታሪክ ሰምቼ እንደነበር ይገባኛል። «የጣልያን ጊዜ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ፋኖስ፣ ማግኔት ሳስጠጋው ጥርቅ አድርጎ የያዘ፣ ነሐስነቱ ከላይ ብቻ የሆነ ቆርቆሮ ነበር። የብር ቅቡን ትሪ ያበላሸሁት ግን እኔው ራሴ ነኝ። እናቴ የነሐስ ዕቃ በምታጸዳበት ዘዴ በሎሚና በአመድ አጥብቄ ስፈትገው ስሱ ቅብ ተልጦ ከሥሩ ቢጫው ብረት ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ የዕቃውን ዕድሜ ሻጩን አልጠይቅም፤ ሳልጠይቅ ቢነግረኝም ዕቃው ላይ ማረጋገጫ እስካላገኘሁ ድረስ ለታሪኩ ብዬ ዋጋ አልጨምርም። ያለፈው ቅዳሜ ይህ ደንብ በሚገባ የተፈተነበት ቀን ስለነበር በዝርዝር ልጽፈው ወደድኩ።

ነዋሪነቴ አዳማ ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ ዕቃ ስፈልግ የኖርኩት አዲስ አበባ ነበር። በቸርችል ጎዳና ካሉት አንቲክ ቤቶች እየገባሁ ዋጋ ሰምቼ እወጣለሁ፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ ሄጄ በሰውና በብረት መካከል ስጋፋ እውላለሁ። የራሴን ከተማ ግን በዚህ ዓይን አይቻት አላውቅም። አዳማ እኮ የባቡር ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በእሷ በኩል አልፎ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ወንጂ ደግሞ ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረባት፣ ፋብሪካው በደርግ ዘመን በ1967 ዓ.ም. እስከተወረሰ ድረስም የውጭ አገር ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የኖሩባት ቦታ ናት። ሃያ ዓመት የኖረ ቤተሰብ ሲሄድ ጓዙን ሁሉ አሟጦ ይዞ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ስደርስ ሱቆቹ ገና መከፈታቸው ነበር። በቦርሳዬ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ንጹሕ ጨርቅ ይዣለሁ። የሳሙና ውኃ በትንሽ ጠርሙስ መያዝ ሲገባኝ ረስቼ ወጣሁ፤ የዚህን ዋጋ ወደ ኋላ እናገራለሁ። አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት መደዳ ካለው ዕቃ ግማሹ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት፣ ግማሹ ደግሞ ቤት ሲለቀቅ ወይም ንብረት ሲከፋፈል በጅምላ የተገዛ ነው። ወደ አዳማ ለመምጣት ለምታስቡ አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፦ የከተማችን ነፋስና አቧራ አምና የተሠራን ድስት እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምኒልክ ዘመን ያስመስለዋልና፣ መጀመሪያ መጥረግ፣ ከዚያ በኋላ ማየት ነው። ጨርቅ ሳወጣ ፊቱን የሚያጨፈግግ ሻጭ ካጋጠመኝ ይህም ራሱን የቻለ መረጃ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣሁት የከሰል ካውያ ነበር። እንዲህ ያለው ካውያ ዛሬም በአዲስ መልክ ስለሚመረት ዕድሜውን ከቅርጹ ማወቅ አይቻልም፤ የማየው እጀታውን ነው። ለብዙ ዓመት የተሠራበት የእንጨት እጀታ የሚለሰልሰው መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ብቻ ሲሆን፣ አውራ ጣት በሚጫንበት ቦታም በጥቂቱ ይጎደጉዳል፤ ያረጀ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት የታሸው ግን ዙሪያውን እኩል ለስልሶ ይገኛል። ይህኛው ዙሪያውን እኩል ነበርና መልሼ አስቀመጥኩት። ከጎኑ በእጅ የሚዞር የሲንጀር የስፌት መኪና ነበር፤ «ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ነው» ተባልኩ። ሲንጀር በየመኪናው ላይ ተከታታይ ቁጥር ይቀርጻል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1900 አካባቢ ቁጥሩ ብቻውን ሲሆን ከዚያ ወዲህ ግን ፊደል ይቀድመዋል። በዚህኛው ላይ ሁለት ፊደል ስላየሁ ቢያንስ ከ1920ዎቹ ወዲህ የተሠራ መሆኑን አወቅኩ። መኪናው መልካም ነበር፤ የተጠየቀው ዋጋ ግን የመኪናው ሳይሆን የመቶ ሃምሳው ዓመት ነበርና አለፍኩት።

ስኒዎቹ ጋ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየሁ፤ የስኒ ነገር ድክመቴ መሆኑን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ስኒ ገልብጦ ሥሩን ማንበብ ከሁሉም የቀለለ የዕድሜ መፈለጊያ ነው። ለምሳሌ የጃፓን ስኒ ሆኖ ከአገሩ ስም በፊት «ኦኪዩፓይድ» የሚል ቃል ከታተመበት፣ ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካኖች እጅ በነበረችበት፣ እ.ኤ.አ. 1952 ላይ ባበቃው አጭር ዘመን የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ባይገኝም «ሜድ ኢን ጃፓን» ብቻ የሚሉ፣ የወርቅ ቅባቸው ከንፈር በሚያርፍበት በኩል የሳሳ አራት ስኒዎች አገኘሁ። እያንዳንዱን በመዳፌ ላይ አስቀምጬ በጥፍሬ ጫፍ መታ መታ አደረግሁት፤ ሦስቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጡ አራተኛው እንደ ሸክላ ደፈነብኝ። በባትሪ ሳየው ከእጀታው ሥር የጀመረ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት። ሦስቱን ብቻ ገዛሁ።

የዕለቱን ዋና ነገር ያገኘሁት ግን መደዳው መጨረሻ ላይ፣ እድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሰው በሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከፔርሙሶች ጀርባ፣ ነጭ የሸክላ ዕቃ ጫፍ ይታየኝ ነበር። እንዲያወርዱልኝ ስጠይቃቸው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቡና መፍጫ ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ የቡናው ፍሬ የሚጨመርበት ክዳን ያለው የሸክላ ማሰሮ፣ ከሥሩ ጥርስ ያለው የብረት መፍጫ፣ ከፊት ለፊቱም የሚዞር እጀታ። በማሰሮው ላይ በሰማያዊ ቀለም የነፋስ ወፍጮ ተሥሏል፤ ከሥዕሉ በታች «ቡና» የሚለው ቃል በሆላንድኛ አጻጻፍ ሰፍሯል። የተፈጨው የሚወርድበት የመስታወት ብርጭቆ ጠፍቷል።

«ይሄ የጣልያን ጊዜ ነው እህቴ፤ ጣልያኖቹ ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት» አሉኝ።

ምንም ሳልመልስ የብረቱን ጀርባ በጨርቅ ጠረግሁና ባትሪ አበራሁበት። ዝገቱ መሐል በትንንሽ ፊደላት «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ተቀርጿል። ምዕራብ ጀርመን የሚባለው አገር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ የጣልያን ወረራ በኢትዮጵያ ያበቃው ደግሞ ከዚያ ስምንት ዓመት አስቀድሞ በ1941 ነው። ነፋስ ወፍጮውና የሆላንድኛው ቃል ከጀርመን ማህተም ጋር መገናኘታቸውም አላስገረመኝም፤ የጀርመን መፍጫ ሠሪዎች ለሆላንድ ገዢዎች ብለው በዚህ ዓይነት ሥዕል ያመርቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ሲሠራ እኮ ጣልያን ከሄደ ስምንት ዓመት አልፎታል» አልኳቸው፣ ማህተሙን እያሳየኋቸው።

ሳቁ። «መች ሁሉም ሄደ! ስንቱ ጣልያን እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፍቶ የኖረ አይደለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከሳቁ በኋላ ግን ዕቃውን ያመጣላቸው ከወንጂ የመጣ አንድ ልጅ መሆኑን ነገሩኝ። በሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ጀምረን፣ የጎደለውን ብርጭቆና የማሰሮውን አፍ ትንሽ መሸረፍ እየቆጠርኩ በሁለት ሺህ ሁለት መቶ ተስማማን። ምርቃት እንዲሆን ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብራናም አሳዩኝ፤ እሱን ግን ጨርቁን እንኳ ሳልፈታ መለስኩላቸው። ብራና ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስን ስለሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያውቅ ሰብሳቢም እንዲህ ያለውን ከድስትና ከስኒ ጋር አይደባልቅም።

ከዚያው መደዳ በዘጠኝ መቶ ብር ስለገዛሁት ላምባ የሚነድበት የነሐስ ምድጃ ብዙ አልልም። ማግኔቱ አልያዘውም፣ የፓምፑ ቆዳ ቢደርቅም በዘይት ሲርስ እንደሚመለስ አውቃለሁ፣ እናም ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ማታ ቤት ገብቼ ቆዳውን ዘይት ካጠጣሁ በኋላ ነፋስ ሞልቼ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ስቀባ፣ ከማንደጃው አንገት ሥር አረፋው ይግተለተል ጀመር። ጠርሙሱን ባልረሳ ኖሮ ይህንን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ አየው ነበር። የሚያፈስ ላምባ ምድጃ ለኩሶ መሞከር ቤት ማቃጠል ስለሆነ አሁን መደርደሪያ ላይ ለዓይን ብቻ ተቀምጧል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መፍጫውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ወንጂ ተሳፈርኩ። የልጁን ነገር መከታተሌ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ዕቃ አይቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው። ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ጋ ተቀምጬ ጋዜጣውን ስፈታው ገና አይታው «ውይ፣ የአባባን ነው የሚመስለው!» አለችና ልጇን ጠርታ እንዲያደርሰኝ አዘዘችው። አባባ የተባሉት ሰው ከፋብሪካው ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ ናቸው። በጓዳቸው ግድግዳ ላይ የእኔው ዓይነት መፍጫ፣ ያውም ብርጭቆው ሳይጎድል፣ ተሰቅሎ ነበር። ፋብሪካው ተወርሶ ሆላንዳዊው አለቃቸው ሲሄድ የሰጣቸው መሆኑንና ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ሽማግሌው የእኔን ተቀብለው እጀታውን አንዴ አዞሩና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይሄ ልቅ ነው፤ በዚህ ብትፈጪ ቂንጬ ነው የሚሆንልሽ» አሉኝ። ከዚያም ከእጀታው በስተጀርባ ያለውን፣ እኔ ለማሰሪያ ብቻ የተሠራ መስሎኝ የነበረውን ብሎን አሳዩኝ፤ ወደ ቀኝ ሲጠብቅ ሁለቱ ጥርሶች ይቀራረቡና ዱቄቱ ይልማል፤ ወደ ግራ ሲላላ ይከረድዳል። ዕቃው የተሠራው በወንፊት ወረቀት አጥልሎ ለሚጠጣ ሰው ስለሆነ፣ ለጀበና ሲሆን ጥርሶቹ ሊነካኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ መጥበቅ አለበት አሉኝ። ቀጥለውም «ልጄ፣ ውኃ እንዳታስነኪው» ብለው አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ጨምረው ፈጩበት። የመጀመሪያው ዱቄት የወጣው ቡናማ ሆኖ፣ የቆየ ዘይት እየሸተተ ነበር፤ ሦስተኛው እፍኝ ላይ ነጭ ሆነ። እኔ ግን ያሰብኩት ቤት ስደርስ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ልዘፈዝፈው ነበር! ትሪው ላይ የሠራሁትን ጥፋት እዚህም ልደግመው አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር ማለት ነው።

እንዲሸጡልኝ አልጠየቅኋቸውም፤ ቢጠየቁም የሚሸጡ አይመስለኝም። የእሳቸው መፍጫ ጀርባ ላይም ያው የምዕራብ ጀርመን ማህተም አለ። ይህ የእኔው መፍጫ ከሆላንዶቹ ቤት መውጣቱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ በመዝገቤ ላይ «የተሠራበት ዘመን፦ ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ.፤ የመጣበት፦ ምናልባት ወንጂ» ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ዓመት ቢሆን ኖሮ «ምናልባት» የምትለዋን ቃል አልጽፋትም ነበር።

እሑድ ጠዋት ማሰሮውን ብቻ ነቅዬ አጥቤ፣ ብረቱን በደረቅ ብሩሽ አጽድቼ፣ ጓዳ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለጎደለው ብርጭቆ ለጊዜው የሻይ ብርጭቆ አስገብቻለሁ፤ ትንሽ ይላላል፣ ግን ይይዛል። በብረት ምጣድ የተቆላ ግማሽ ስኒ ቡና ጨመርኩና ፈጨሁ። እናቴ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ መካከል አሽታ «ገና ነው፤ ሙቀጫዬን አምጪው» አለችኝ። ብሎኑን ሩብ ዙር አጠበቅሁና እንደገና ጀመርኩ።